የአመድ ንግሥትን ማን በደላት

ሻካራ የሚለውን ስም ያወጡላት የመናኸሪያ ሹፌሮች ናቸው። ወጣት ሆና ስትቀጠር ድምፅዋ እንደ ማንኛውም ሴት ድምፅ ነበር። ሥራዋ የሚወጡትንና የሚገቡትን አውቶቡሶች በድምፅ ማጉያ መጥራት ሲሆን ማጉያው ከሚሠራበት ቀን የሚበላሽበት ይበልጣል። ሲበላሽ አለቃዋ «ጉሮሮ አልፈጠረልሽም?» ይላታል። እሷም መስኮቱን ከፍታ፣ አቧራና የናፍጣ ጭስ እየዋጠች ትጣራለች። እንዲህ እያለች ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ «መድኃኒቱ ዝም ማለት ነው» አላት። ዝም ብላ ምን ልትበላ?

ድምፅዋ ሲሻክር ጠባይዋም ተከተለው። ተሳፋሪ መጥቶ «ምን አሉ አሁን?» ሲላት «ጆሮህን ታጥበህ ና» ትለዋለች። ሹፌሮቹ ሻይ ላይ ተቀምጠው «ሻካራ ዛሬ ማንን ፈቀፈቀች?» ይባባላሉ። በኋላ መናኸሪያው የተቀዳ ድምፅ አስገባ፤ የማታስል፣ የማትቆጣ፣ ለስላሳ ሴት። ሻካራ ተሰናበተች። መሸኛ ያዘጋጀላት የለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። «ጋር» ይባል እንጂ ሆድና ጀርባ ነበሩ። አባታቸው የተዉላቸው ቤት መሐሉ ላይ ጠባብ ኮሪደር አለው፤ በግራ በኩል ታላቅየዋ፣ በቀኝ ሻካራ። ኩሽናውን ይጋራሉ። ኩሽናው ውስጥ ሁለት የስኳር ቆርቆሮ፣ ሁለት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ሁለት ክብሪት አለ። አንዷ የሌላዋን ስፖንጅ ከነካች ጠቡ ይከርማል። ጎረቤቱ «ዓይንና ናጫ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ሻካራ ግን ታላቋን «እትዬ» ማለት ትታ አታውቅም። ስትሰድባት እንኳ መጀመሪያ «እትዬ» ብላ ነው፤ ስድቡ ከአክብሮቱ ጋር ተያይዞ ይወጣል።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። አባታቸው አልጋ ላይ ሲወድቁ ሥራዋን ትታ ያስታመመችው እሷ ነበረች፤ ሻካራ ያኔ መናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። አባታቸው ሞተው ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እትዬ ስለ ቤቱ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«ይፍረስ።»

«እንሽጠው ነው የምትይው?»

«መሸጥ የሚል ቃል ከአፌ ወጣ? ይፍረስ ነው ያልኩት።»

ሻካራ መጀመሪያ ለገንዘብ መስሏት ነበር። ግን አንድ የጥርስ ሐኪም ቤቱን እንዳለ ገዝቶ ክሊኒክ ሊያደርገው መጣ። ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ «ይኼ ቤት ገና ስንት ዘመን ይቆማል» ሲል እትዬ የውጭውን በር እስኪወጣ ድረስ ከፍታ ያዘችለት። የምትሸጠው ሊያፈርሰው ለሚምል ሰው ብቻ ነበር። ሻካራ ደግሞ ሲደመሰስ ቆሜ አላይም አለች። የተከራየችውን ቤት ለቃ መጥታ በቀኝ በኩል የገባችውም ለዚህ ነው፤ ሰው ያለበት ቤት አይፈርስም ብላ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ ሁለት ጦር ሰፈር ተፋጠው ኖሩ።

ሥራ ፈትታ በተቀመጠችበት ወቅት አንድ ሰው በሯን አንኳኳ። በአንድ ስቱዲዮ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። በመናኸሪያው ሲመላለስ ድምፅዋን ሰምቶ አልረሳውም። ስቱዲዮው የውጭ አገር የኮምፒዩተር ጌሞችን ወደ አገር ቋንቋ ይመልሳል፤ አሁን የያዙት ላይ የአመድ ንግሥት የምትባል ክፉ አለች፣ ለእሷ የሚሆን ድምፅ አጥተዋል።

«ክፉ ስትፈልጉ እኔ ትዝ አልኳችሁ?» አለችው።

«አዎ» አለ ጆሮ፤ ሰውየው መዋሸት አይችልም።

ስቱዲዮው ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ስፖንጅ የተለበጠ፣ አየር የሌለው፣ የሰው ላብ የሚሸት ጠባብ ክፍል። ዳይሬክተሩ በዕድሜ ታናሿ ሆኖ ሳለ ገና ሲያያት «አንቺ» አላት፤ እሷ «እርስዎ» አለችው። የጀግናውን ድምፅ የሚሠራው ደግሞ ሽቶውን ከራሱ ቀድሞ የሚያስገባ መልከ መልካም ነው፤ ሁሉም «ጀግናው» ይሉታል፣ እሱም ስሙ አድርጎታል።

የመጀመሪያው ንግግር እንዲህ ይላል፦ «ማማው ይውደቅ። ገበያው ይንደድ። የሰርግ አዳራሹ ጣሪያ ይደርመስ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቅር፤ ሁሉም አመድ ይሁን።»

ዳይሬክተሩ «ጩኺ» አላት። «ሲያልቅ የክፉ ሳቅ ሳቂ።»

«ምን አድርገዋት ነው?»

«እነማን?»

«ከተማው፣ ሰዎቹ።»

«ምንም። ጌም ነው።»

«እንግዲያው ለምን ልታቃጥላቸው ፈለገች?»

«ካላቃጠለች ተጫዋቹ ምን ሊሠራ ነው?»

ጮኸች። ሳቀች። ከመስታወቱ ወዲያ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ነቀነቀ። ደገመችው፤ ባሰ። ራሷም ሰማችው፤ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ጩኸት እንጂ ከተማ የምታቃጥል ሴት ድምፅ አልነበረም።

ለሻይ ሲወጡ ነገሩን አልተወችውም። ይህ ጠባይዋ ነው፤ አንድ ነገር ካልገባት እንደ ጥርስ ሕመም ይይዛታል። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሳለ ጀግናውን «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አለችው።

«ሥልጣን ነዋ» አለ ጀግናው። «ሁሉን ልትገዛ ነው።»

«አመድ ላይ ነግሣ ማንን ልታዝ? ሥልጣን የፈለገ ከተማውን ይይዛል እንጂ አያነድም።»

«እሺ፣ ቀንታ ነው። መልክ የላትም።» ይህን ሲል የሻካራን ፊት አየ፤ ሆን ብሎ።

«አንተን ያየ ሁሉ በቅናት የሚያር ይመስልሃል። እኔ የማይህ እንደ ዕቃ ነው።»

ጆሮ ለማብረድ ብሎ ገባ። «በድለዋት ይሆናል። የገደሉባት ሰው ይኖራል።»

«የገደሉባትን ትግደላ። ዳቦ ጋጋሪው ምን አደረጋት? ሙሽሮቹ ምን አደረጓት? በቀል አድራሻ አለው። ይቺ ግን አድራሻ የላትም፤ ሁሉንም ነው የምትለው።»

«እብድ ናት፣ በቃ» አለ ዳይሬክተሩ።

«እብድ በተራ አይደረድርም። ማማውን አስቀደመች፣ ገበያውን አስከተለች፣ ከዚያ የሰርግ አዳራሹን። ስታስበው የኖረች ናት።»

ዳይሬክተሩ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ደፋው። «አንቺ አውቶቡስ ስትጠሪ የኖርሽ ሴት ነሽ። ያኔ አውቶቡሱ ለምን እንደሚሄድ ትጠይቂ ነበር? አትጠይቂም። የተሰጠሽን ትጠሪያለሽ። እዚህም እንደዚያው ነው። አሁን የቀዳነው መናኸሪያ መናኸሪያ ይሸታል። ሐሙስ አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ። ካልሆነ ሳቅ የምታውቅ ሌላ ሴት አለችኝ።»

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለች ሻካራ። «አንተም አፍህን ተጉመጥምጠህ ጠብቀኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ቀረ።

በማግስቱ ክፍሏ ውስጥ ሆና ስትለማመድ ዋለች። ማማው ይውደቅ፤ ገበያው ይንደድ። እንደ ተቆጣ ሞከረችው፣ እንደ ሰከረ ሞከረችው፣ እንደ እብድም ሞከረችው። ከኮሪደሩ ወዲያ የእትዬ የስፌት መኪና ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ቆመ። ግድግዳው ተደበደበ። ሻካራ ድምፅዋን ጨመረች። በመጨረሻ ጉሮሮዋ ሲደርቅ ውኃ ፍለጋ ኩሽና ገባች፤ እትዬ ምድጃውን ስትወለውል አገኘቻት።

«ከጠዋት ጀምሮ የማንን ቤት ነው የምታነጂው?» አለች እትዬ፣ ዞራ ሳታያት።

«ሥራ ነው።»

«መጮኽ ሥራ ከሆነ ለጎረቤት ውሻ ደሞዝ ይቆረጥለት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሻካራ መልሱን ታውቀው ነበር። ያን ቀን ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር ሳታስበው ጥያቄው አመለጣት።

«እትዬ፣ አንዲት ሴት ከተማ ሙሉ ማጥፋት ብትፈልግ ለምን ይመስልሻል?»

«ሰው ሁሉ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ሴት ስትሆን ነው። ወንድ ቢሆን ጦርነት ብለው ያልፉት ነበር።» ጨርቁን ጨመቀች። «ማን ናት?»

«የጌም ናት። የውሸት። የአመድ ንግሥት ይሏታል።»

«ከመንገሧ በፊት ምን ነበረች?»

ሻካራ አሰበች። «ብዙ አይልም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ‹የማማውን መብራት ስትጠብቅ የኖረች› ይላል።»

የእትዬ እጅ ምድጃው ላይ ቆመ።

«ብቻዋን?»

«መሰለኝ።»

«ዘይቱን ማን ያመጣላታል?»

«አይልም።»

«እኔ ልንገርሽ። ራሷ ናት። ደረጃውን ተሸክማ ትወጣለች። ሰዎቹ ከታች በብርሃኗ ይገበያያሉ፣ ይጋባሉ፣ ልጅ ይድራሉ። ደከመሽ ወይ ብሎ አንገቱን ቀና ያደረገ የለም። ይኼን ሁሉ ግን ትችለዋለች። ሰው ይችላል።» ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ጨርቁን እያጠፈች፣ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ትመስላለች። «ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ከታች ቆሞ ‹እንዴት ደስ የሚል ከተማ ነው!› ይላል። ያኔ ነው።»

«ያኔ ምን?»

«ያኔ ነዋ እንዲነድ የምትፈልገው። ክፉ ስላደረጉባት መሰለሽ? ደስ ይላል ስላሉ ነው። ከተማው እስካለ መብራቱ መብራት አለበት፤ መብራቱ እስካለ እሷ እዚያ ላይ ናት። ሰዎቹን ጠልታ አይደለም። የሚጠረግ ቤት ካለ የሚጠርግ ሰው ይፈለጋል። እጇ አመድ አፋሽ ሆነ፤ በአመዱ አነገሧት።»

ሻካራ ስለ ጌሙ እያወሩ እንዳልሆነ ገባት። ሲገባት ደግሞ ያዘነች እንዳይመስላችሁ፤ ተናደደች።

«እኔም እመጣ ነበር፣ እትዬ። አልመጣችም አትበይኝ።»

«እሁድ እሁድ። ብርቱካን ይዘሽ። አባባ አንቺ ስትመጪ ይነሡና ትራስ ተደግፈው ይስቃሉ። ስትሄጂ አንሶላውን የምቀይረው እኔ ነኝ። የመጨረሻዋን ሳምንት ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ትንሿ ስትመጣ ቤቱ ይሞቃል። ቤቱን ጠብቂላት› አሉኝ። ጠብቂላት። ለእኔ አይደለም፣ ለአንቺ ነው የምጠብቀው።»

«ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? ዛሬም የጠየቅሽኝ ስለ ከሰሏ ንግሥት ነው።»

«የአመድ።»

«የፈለገችውን ትሁን።» እትዬ ጨርቁን ገንዳው ላይ ሰቅላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የስፌት መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሻካራ ኩሽና ውስጥ ቀረች። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ተከትሎ መሄድ፣ አንድ ቃል ማለት ይገባ ነበር። አላደረገችውም። በምትኩ የእትዬ ድምፅ በጆሮዋ እንዳለ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘግታ፣ ያን ዝቅ ያለ፣ የሰለቸ፣ ጨርቅ እያጠፈ የሚናገር ድምፅ መምሰል ጀመረች። እህትማማቾች አይደሉ? ብዙ አላስቸገራትም።

ሐሙስ ማይኩ ፊት ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ሳትጮኽ፣ ሳትቸኩል፣ የዕለት ሥራዋን እንደምትዘረዝር ሴት ተናገረችው። ማማው ይውደቅ። ገበያው ይንደድ። የሰርግ አዳራሹ የሚለው ጋ ስትደርስ ትንፋሽ ወሰደች፤ አዳራሹን ስንት ጊዜ እንደወለወለችው ታስታውስ ይመስል። ሳቁን ተወችው።

ጆሮ ማዳመጫውን ከራሱ አውልቆ ማንንም ሳያይ ተቀመጠ። ጀግናው ተራው ደርሶ ገብቶ ነበር፤ መልስ መስጠት ሲገባው የጽሑፉን ገጽ ያገላብጥ ጀመር። ዳይሬክተሩ ግን ፊቱ ቀላ።

«ክፉ አትመስልም።»

«አትመስልም» አለች ሻካራ። «ናት ግን።»

«እኔ ሳቅ ነው ያልኩሽ።»

«አንተ ያልከው ማንም ሊሠራው የሚችለውን ነው።»

የሚሳቅበትንም ቅጂ አሠራት፤ ሠራችለት። ሁለቱም ተላኩ። የጌሙ ባለቤቶች ሳቅ የሌለበትን መረጡ። ዳይሬክተሩ ለሰው ሲያወራ «ዝቅ አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ፤ ሻካራ ይህን ስትሰማ በጆሮ በኩል ላከችበት፦ «‹አንተ ያልካት ጩኺና ሳቂ ብቻ ነው› በለው።» ለሚቀጥለው ሥራ ግን ጠራት፤ ባለቤቶቹ እሷ ካልሆነች ብለው ስለነበር ምርጫ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ሰላምታ አይለዋወጡም።

ጌሙ ወጣ። እትዬ የሠፋችውን ልብስ የምታስረክብበት ሱቅ ባለቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጦ ጌም የሚጫወት ትልቅ ሰው ነው። አንድ ቀን እትዬ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች ሳለ የገዛ ድምፅዋን ሰማች። ትንሽ ሻክሯል እንጂ የእሷው ነው፤ ቃሉን የምታሳርፍበት ቦታ፣ ከመጨረሷ በፊት የምታደርጋት ዝምታ። ባለሱቁ «ይቺን ክፉ ብጠላትም ስትናገር እጄ ይሰንፋል» አላት። እትዬ ልብሱን ሳታጥፍ ትታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሻካራ ኮሪደሩ ላይ ነበረች።

«እኔን ነው የሸጥሽኝ» አለች እትዬ።

«ድምፅሽን እንጂ አንቺን አይደለም።»

«ከድምፄ ሌላ ምን ተርፎኝ? ወገቤን አባባ ወሰዱት፣ ዓይኔን መርፌው ወሰደው፤ የቀረችውን አንቺ ወሰድሽ።»

እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«የንግሥቲቱ መጨረሻዋ ምንድን ነው?»

«ጀግናው ይገድላታል።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«የከተማው ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ወጥቶ ርቆ የኖረ። ሊያልቅ ሲል ይመጣና ከተማውን ያድናል።»

እትዬ ሳቀች። ሻካራ እህቷ ስትስቅ ከሰማች ዘመን ሆኗታል፤ ይኼኛው ደግሞ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ቢሰማው ኖሮ ይገዛው ነበር።

«ብርቱካን ይዞ ነው የሚመጣው?» አለችና ክፍሏ ገብታ ዘጋችው።

ሻካራ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። በግራ የእትዬ በር፣ በቀኝ የሷ፣ ከፊት ለፊት የአባታቸው ክፍል፤ ማንም ሳይገባበት ተዘግቶ የኖረ የሚመስላት። በሩን ገፋችው። ወለሉ ተወልውሏል። የመስኮቱ መስታወት ላይ አቧራ የለም፣ አልጋው ተነጥፏል። ማንም የማይተኛበት ክፍል ይህን ሁሉ ጊዜ እየተጠረገ ነበር። እትዬ ይፍረስ እያለች በግራ እጇ ስትገፋ በቀኝ እጇ ስትጠርግ እንደኖረች ያኔ ነው ያየችው። እትዬ ለካ የጠላችው ቤቱን አልነበረም፤ መጥረጉን ማቆም አቅቷት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሻካራ ኩሽና ውስጥ ሻይዋን እያማሰለች «ይፍረስ» አለች።

እትዬ ቀና አላለችም። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው።»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም። አልፈልገውም።»

«ጥሩ። ውለታ አልወድም።»

መጋዘን የሚሠራ ነጋዴ ገዛው። ዕቃ ሲከፋፈሉ በአንድ ባልዲ ተጣልተው ነጋዴው ራሱ ሌላ ባልዲ ገዝቶ አስታረቃቸው። የተከራዩትም ተራርቀው፣ አንዷ ከከተማው በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ነው።

የማፍረሻው ማሽን የመጣ ቀን እትዬ አልሄደችም። ስንት ዓመት ይፍረስ ይፍረስ ያለች ሴት ሲፈርስ ለማየት አልወጣችም። የሄደችው ሻካራ ናት። ማሽኑ ጥርሱን የግራው ግድግዳ ላይ ሲያሳርፍ ሹፌሩን ሰደበችው፣ ቀስ በል አለችው፣ መልሳ ቶሎ በል አለችው። ሰውየው የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ገባው። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ወደቀ?» አለች እትዬ ገና ስታነሣው።

«በአንቺ በኩል ያለው። ኩሽናውም።»

«የአባባስ?»

«አሁን እየገቡበት ነው።»



«ልተኛ ነው» አለች እትዬ፤ ዘጋችው። በኋላ ለጎረቤቷ እንደተናገረችው ያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘነብል ተኝታለች። ማንም አልጠራትም፤ ተነሥታም የምታነሣው ሰው አልነበረም። ስትነቃ የት እንዳለች ለጊዜው ጠፍቷት ፈርታ ነበር፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ዞራ መልሳ ተኛች።

ታረቁ ብላችሁ እንዳትሄዱ። እትዬ ስለ እህቷ ሲጠይቋት «ጮሃ አዳሪ ናት» ትላለች። ሻካራም ስለ እትዬ ሲነሣ ፊቷን ታጨፈግጋለች። አሁን በጌሞቹ ውስጥ ያሉት ክፉዎች ሁሉ የሷ ናቸው፤ ጠንቋይዋ፣ እባቧ ንግሥት፣ የገደሉ እናት። አዲስ ጽሑፍ ሲሰጧት የምትጠይቀው ግን ምን አደረጓት ብላ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ሥራዋ ምን ነበር ብላ ነው።

አንድ ከሰዓት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አልገኝለት ብሏት፣ ከተማውን አቋርጣ እትዬ የተከራየችበት ክፍል ሄደች። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ወንበር ብቻ የሚይዝ ነው፤ ወንበሩ ላይ ጨርቅ ተቆልሏል።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አለች እትዬ መርፌውን በጥርሷ እንደያዘች።

«አንዲት ክፉ ሴት አቅታኝ።»

«ራስሽን አትሠሪያትም?»

«እሷንማ ሠርቼ ጨርሻለሁ።»

እትዬ መርፌውን ከአፏ አውጥታ ክሩን አሾለከች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ዓይኗ ደክሟል። ሻካራ ላግዝሽ ልትል አሰበችና ተወችው፤ ጠብ እንደሚሆን ታውቃለች።

«ቆመሽ ነው የምትነግሪኝ?» አለች እትዬ በመጨረሻ፣ በእግሯ ወንበሩን ገፋ አድርጋ። «ጨርቁን አልጋው ላይ አድርጊው። እንዳትረግጭው።»